ከኡም ኢድላ እስከ ቡሬ፤ በካሚዮን ተጀምሮ በበቅሎ ያለቀ ጉዞ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ቡሬ የሚያደርሰውን መንገድ ከእናንተ መካከል በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተመላለሰበት ብዙ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአንድ መኪና ስጓዝ ማንኩሳ ሳንደርስ መሸብንና ከአንድ ባላገር ደጅ ድንኳን ተክለን አደርን። የቤቱ ጌታ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ እሳት አስነድደው፣ ጠላ አስቀድተው ሲያጫውቱን ስለ መንገዱ ጠየቅናቸው። «መንገዱማ የጣልያን ነው» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ቃሉ ቅር ብሎት ሊከራከር አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት፤ «ጣልያን ሠራው፤ ጃንሆይ ሄዱበት» ብለው ዝም አሉ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። እርግጥ ነው፣ ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን የመኪና መንገድ የጠረገው ጠላት ነው፤ የጠረገውም ጎጃምን በምሽግ ለመያዝ ነው። ነገር ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ መንገድ ላይ ከመቆማቸው በፊት መንገድ የሌለበትን አገር ማቋረጥ ነበረባቸው። ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚያ መንገድ አልባ ጉዞ ነው።

ጉዞው የተጀመረው በሱዳን ወሰን ላይ፣ ኡም ኢድላ ከተባለው ስፍራ፣ በዲንደር ወንዝ ዳር ነው። ዲንደር በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ ግን ውሃው ጎድሎ አሸዋው የሚገለጥ ወንዝ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ስፍራ ወሰኑን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በገዛ እጃቸው ሰቀሉ። ከሳቸው ጋር አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን፣ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኰንን፣ ራስ ካሣ ኃይሉ፣ ደጃዝማች መኰንን እንዳልካቸው፣ አቶ ሎሬንዞ ታዕዛዝ፣ እንዲሁም በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ የሆኑት እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሥነ ሥርዓቱ አጭር ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ካሚዮን ላይ ወጥቶ መሄድ ነው።

ግን ወዴት? ከወሰኑ እስከ በላያ ተራራ ድረስ ያለው አገር ቆላ ነው፤ ረዣዥም ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ቀርከሃ፣ የደረቀ የወንዝ ገደልና ጥቁር አለት የሞላበት ነው። ካርታው ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካሚዮኖቹ በኮምፓስ እየተመሩ፣ ሰዎች ከፊት ከፊት ቁጥቋጦውን እየመነጠሩ፣ ድንጋዩን በእጅ እያነሡ፣ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ በትከሻ እየገፉ ሄዱ። እኛ ዛሬ አንድ ጎማ ሲተነፍስ ግማሽ ቀን እናማርራለን። በመጨረሻ መኪና የሚባል ነገር ወደፊት አልሄድም አለ፤ ካሚዮኖቹ ተጥለው የቀረው ጉዞ በእንስሳ ጀርባና በእግር ሆነ። ጥር 29 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በላያ ደረሱ።

በላያ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራራው ከቆላው መካከል ብቻውን ተነጥሎ የቆመ ነው፤ ከላዩ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው የጎጃም ደጋ አፋፍ እንደ ግንብ ይታየዋል። ጠላት በደጋው መንገድ ላይ በየምሽጉ ተቀምጦ ሳለ፣ ስንቅና ጥይት እዚህ ይከማቻል፤ ከዚህም ወደ ደጋው ይወጣል ተባለ። የዚህ አሳብ ዋና መሪ በኋላ በስሙ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተሰየመለት እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነው። ዊንጌት ጦሩን ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ «የጌዴዎን ጦር» አለው። በዘመናዊ ጦር መመዘኛ ጥቂት ሰው ነበር፤ አንድ የሱዳን ሻለቃ ጦር፣ ከስደተኞች የተመለመለ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር፣ ጥቂት የእንግሊዝ መኰንኖች፤ ጠቅላላው ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም።

ይሁን እንጂ ይህ ጦር ባዶ አገር ላይ አልመጣም። ከዊንጌት በፊት፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል ሳንፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወሰኑን ጥሶ ጎጃም ገብቶ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። የጎጃም አርበኞችም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህንና ሌሎችን የመሰሉ መሪዎች ይዘው ጠላትን ከምሽጉ ርቆ እንዳይወጣ አድርገውት ነበር። ይህ ባይሆን ኖሮ ያ በአሸዋና በቁጥቋጦ ሲንፏቀቅ የነበረ ካሚዮን በላያን ሳያይ በቀረ ነበር።

አሁን ወደ ግመሎቹ ልምጣ። ስለዚህ ዘመቻ ሲጻፍ ስለ መኰንኖቹ ብዙ ይባላል፤ ስለ ጭነቱ ግን ጥቂት ነው። ካሚዮን ካልሄደ ጥይቱን፣ ዱቄቱን፣ ማርያ ቴሬዛ ብሩን ማን ይሸከም? መልሱ ግመል ሆነ። ከሱዳን 15,000 ያህል ግመል ተሰብስቦ ወደ ጎጃም ተነዳ። የግመል እግር ለአሸዋ የተሠራ ነው፤ አለት ላይ ይላላጣል፣ ገደል ላይ ይንሸራተታል። ግመል ደግሞ በቀን ብዙ ሰዓት እየተዘዋወረ ቅጠል መቀንጠብ አለበት፤ የጦር ጉዞ ይህን ጊዜ አይሰጠውም። ጀርባው በጭነት ቆስሎ፣ የማያውቀውን ቅጠል በልቶ፣ ደጋው ላይ ሲደርስ በውርጭ ተመትቶ አለቀ። ከወሰኑ እስከ ደጋው አፋፍ ያለው መንገድ በሬሳው ይታወቅ ነበር፤ ኋላ የሚመጣው ጓዝ ካርታ አላስፈለገውም፣ ሽታውን ተከትሎ ይሄድ ነበር ይባላል። ከዚያ ሁሉ ግመል መሐል በሕይወት የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው።

በግመል ፈንታ በቅሎ ከጎጃም ይገኛል የሚል ተስፋ ነበረ፤ የተገኘው ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ መኰንኖች በዚህ ተማረዋል። እኔ ግን በባላገሩ አልፈርድም። አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ሲቃጠል፣ ከብቱ ሲነዳ የኖረ ሰው በቅሎውን ለማያውቀው ነጭ ለመስጠት ቢያመነታ ምን ይደንቃል? በቅሎ ለደጋ ሰው ሀብቱም ክብሩም ናት። የሚያስደንቀው በዚያ ሁሉ መካከል እህልና በቅሎ ይዞ የመጣ መገኘቱ ነው።

የጌዴዎን ጦር ደጋውን ወጥቶ እንጅባራ ሲደርስ ጠላት ቀድሞ ለቅቆ ሄዶ ነበር። ጦሩ በሌሊት እየተጓዘ ወደ ቡሬ ወረደ። ቡሬ ላይ ኮሎኔል ናታሌ የተባለ የኢጣልያ አዛዥ ከጌዴዎን ጦር ብዙ እጅ የሚበልጥ ጦር ይዞ ተመሽጎ ነበር። ዊንጌት ፊት ለፊት አልገጠመውም፤ ሰዎቹን በትናንሽ ቡድን ከፋፍሎ በሌሊት አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ያስተኩስ ነበር። ጠላትም የከበበው ጦር ብዙ መሰለው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ አንድ ቃል ብናገር አድማጮቼ ይቅር ይበሉኝ። በዚያ ዘመቻ ወረቀትና ድምፅም ዘምተዋል። ጆርጅ ስቲር የተባለው ጋዜጠኛ በሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል አማካይነት «ባንዲራችን» የተባለች የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም ላይ እየታተመች ወደ አገር ውስጥ ትገባ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ማኅተሙ እየታየ በየስፍራው ይበተን ነበር። ወደ ምሽጉ ድምፅ ማጉያ እየተጠጋ፣ ለጠላት ያደረው ሰው በገዛ ቋንቋው እየተጠራ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ይለመን ነበር። ከምሽጉም በሌሊት እየሾለከ የመጣ ብዙ ነው። መኪና ሊያልፍበት ያልቻለውን አገር ወረቀትና ድምፅ ቀድመው አልፈውታል።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ማንኩሳ ላይም ምሽግ ነበረ። ማንኩሳን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቃታል፤ እዚያም ተኩስ ተደረገ። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ናታሌ መላ ጦሩን፣ ካሚዮኑንና ብረት ለበስ መኪናውን አሰልፎ ቡሬን ለቀቀና በራሱ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ማፈግፈግ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው አሳዛኝ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ከናታሌ ቀድሞ ወደ ፊት አልፎ ደምበጫ አቅራቢያ ከአንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። የሰፈረበት ቦታ ለመከላከል የማይመች መሆኑን ያስተዋለ የለም። የካቲት 27 ቀን ጠዋት የሚያፈገፍገው የጠላት ጦር ሁሉ በብረት ለበስ እየተመራ ደረሰበት። ያ ሻለቃ ጦር አልሸሸም፤ ከብረት ለበሶቹም ያቃጠላቸው አሉ። ነገር ግን ጠላት በብዛቱ ጥሶት አለፈ፤ ከሻለቃው ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙም ቆሰለ። ከእነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ ከአገር ርቀው በስደት ኖረው፣ ወደ አገራቸው ለመግባት ያን ሁሉ አሸዋና ገደል ያቋረጡ ነበሩ።

ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ የሆነችው ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁን ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ጦርነቱ ባለፈበት ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ስም ማንበብ የሚሰጠውን ስሜት ለአድማጭ እተወዋለሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ወር ቡሬ ገቡ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ በደቡብ በኩል ለመጣው ጦር እጅ ሰጠች። እሳቸው ዋና ከተማቸው የደረሱት ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት ከተማይቱን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው።

አዛዥ ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» ጽፈውልናል፤ ከእንግሊዞቹም ብዙዎቹ መጽሐፍ ጽፈዋል። ግመል እየነዱ ከመጡት የሱዳን ሰዎች፣ ድንጋይ ሲያነሡ ከዋሉት፣ በሌሊት መንገድ ካሳዩት የጎጃም ባላገሮች ግን መጽሐፍ የጻፈ አላገኘሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ድንኳናችንን ጠቅልለን ከሽማግሌው ስንሰናበት፣ እሳቸው ያኔ ልጅ እንደ ነበሩና የኢጣልያ ካሚዮኖች ወደ ደምበጫ ሲሸሹ አቧራቸውን ከኮረብታ ላይ ሆነው እንዳዩ ነገሩን። ከማንኩሳ ተነሥተን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቡሬ ገባን።