የትኛው ቃል ይቅደም? የእንግሊዝኛ ቃላት ምርጫ አጭር ታሪክ

ቃል ለተማሪ ስንቅ ነው። ስንቅ ደግሞ በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በአመራረጡም ይመዘናል፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጎተራውን ሁሉ አይሸከምም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚማር ያገራችን ተማሪ «የትኛውን ቃል አስቀድሜ ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የታሪክ ወይም የፍልስፍና መጽሐፍ ገልጦ መልሶ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ከብዶት ሳይሆን ቃሉ አልገፋ ብሎት ነው። ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት ሌሎች ጠይቀውታል፤ የደረሱበትን ማወቁ አይጎዳም።

ቃል በመቁጠር ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ 10,000 ቃላትን በጽሑፍ ውስጥ እንደሚደጋገሙበት መጠን በደረጃ አስቀመጠ። በ1944 ከኢርቪንግ ሎርጅ ጋር ሆኖ ቁጥሩን ወደ 30,000 አደረሰው። ቆጠራው የገለጠው ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው፤ ጥቂት ቃላት በየገጹ ይመላለሳሉ፣ እጅግ ብዙዎቹ ግን አንዴ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁሉም ቃል እኩል ድካም አይገባውም። ይሁንና ቶርንዳይክ ያሰበው ለአሜሪካ ልጆች ነበር። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ላልጠባውስ?

ለዚህ መልስ የፈለገው ማይክል ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ቤንጋል፣ በዳካ ከተማ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኃላፊ ነበር። ዌስት የተመለከተው ነገር እኛንም ይነካናል። ከቤንጋል ልጆች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ። ታዲያ ሁለት ሦስት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ለወጣ ልጅ በእጁ ምን ቀረለት? ጨርሶ ለሚወጣው ብቻ የታሰበ ትምህርት ለሚያቋርጠው ምንም አይተውለትም። ዌስት በ1926 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ የትምህርት ደረጃ በራሱ የሚቀር ጥቅም ሊኖረው ይገባል ሲል ተከራከረ። የመረጠውም ጥቅም ማንበብን ነበር።

ከዚያ ልጆቹ የሚያነቡትን መጽሐፍ መረመረ። በየመስመሩ አዲስ ቃል ይደረደራል፤ ከቃላቱም ብዙዎቹ ያረጁና የቅኔ ቃላት ናቸው። ልጁ አንዱን ሳይውጥ ሌላው ይመጣበታል። ዌስት ያረጁትን አውጥቶ የተለመዱትን ተካ፣ አዲስ ቃል በገጹ ላይ አራርቆ አስገባ፣ የገባውም ቃል ደጋግሞ እንዲመጣ አደረገ። በ1935 ደግሞ ከጄምስ ኤንዲኮት ጋር ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት 24,000 ያህል ቃላትንና ፈሊጦችን በ1,490 ቃላት ብቻ ተረጎመ። አንድ ቃል ፈልገህ ገልጠህ ሦስት የማታውቃቸው ቃላት የሚቀበሉህ መዝገበ ቃላት ምን እንደሚያናድድ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ሥራ ዋጋ ይረዳዋል።

በዚያው ዘመን ኦግደን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከዚህም አልፎ ሄደ። በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ባወጣው ዘዴ 850 ቃላት ለሁሉ ነገር ይበቃሉ አለ። ቸርችል ሳይቀር በ1943 በሃርቫርድ ባደረገው ንግግር ደግፎታል። ዳሩ ግን የቃሉ ማነስ ሸክሙን አላቀለለውም። «ጊቭ» ማለት መስጠት፣ «አፕ» ማለት ወደ ላይ መሆኑን የተማረ ሰው «ጊቭ አፕ» ማለት መተው መሆኑን ከየት ያገኘዋል? ቃላቱ ቢቀነሱም ትርጉሞቹ እዚያው ተደብቀው ቀሩ።

ይህን ከሁሉ በላይ የተገነዘበው ሃሮልድ ፓልመር ነው። በ1922 ወደ ጃፓን ሄዶ በማግስቱ ዓመት በቶኪዮ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ የምርምር ተቋም መሠረተ። ፓልመርና ረዳቱ ሆርንቢ ቃል ለብቻው እንደማይኖር፣ ባልንጀራ እንዳለው አሳዩ። ነገሩ በኛም ቋንቋ ግልጽ ነው። በገና ይደረደራል፣ ክራር ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ፕሌይ» ሦስቱንም ትጠቀልላቸዋለች። አማርኛ የሚማር እንግዳ «በገና ነፋሁ» ቢል እንስቅበት የለም? እኛም ቃሉን ከነባልንጀራው ካልያዝነው እንዲሁ ነን። ከዚህ ምርምር የተወለደው የሆርንቢና የጓደኞቹ የተማሪ መዝገበ ቃላት በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ ተቀብሎ በየአገሩ አዳረሰው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በ1934 በካርኔጊ ድርጅት ጋባዥነት ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው ነበር። የዚያ ምክክር ፍሬ በ1953 በዌስት አዘጋጅነት የወጣው የ2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ነው። በ2000 ደግሞ አቬሪል ኮክስሄድ ኒውዚላንድ ውስጥ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ያሉ፣ በየትምህርት ዘርፉ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለየች። «ኮንሴፕት»፣ «አናላይዝ»፣ «ኤቪደንስ» የሚባሉት ከነዚህ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ቃላት ከአሥር አንድ ያህሉን የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በትምህርት ቤቶቻችን ገናና የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው መጽሐፍ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛ ትርጉሙ ያሳያል። የፓልመር ትምህርት በአማርኛ ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚተርፈን እንግዲህ ይህ ነው። መዝገበ ቃላትን ከፊደል «ኤ» ጀምሮ መሸምደድ ጉልበት መጨረስ ነው። መጀመሪያ መሠረታዊዎቹ 2,000 ይጥሩ፣ ቀጥለው የትምህርቶቹ 570 ይግቡ፣ ሁሉም ከነባልንጀራቸው በንባብ ይያዙ።

አንድ ነገር ግን ይታከል። ዌስት የቤንጋል ተማሪ እንግሊዝኛ ማንበብ ያለበት በገዛ ቋንቋው የእውቀት መጻሕፍት ስለሌሉ ነው ይል ነበር። የዌስት ዝርዝር ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1952፣ ዌስት ባስተማረባት በዚያችው ዳካ ተማሪዎች ቤንጋልኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ብለው ተሰልፈው በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ዩኔስኮ ያንን ቀን በ1999 የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሞታል። የዳካ ተማሪዎች እንግሊዝኛን አልጠሉም፤ የገዛ ቋንቋቸው ይከበር አሉ እንጂ። እኛም «ኮንሴፕት»ን በያዝን ቁጥር ጽንሰ ሐሳብን፣ «ኤቪደንስ»ን በያዝን ቁጥር ማስረጃን አብረን እንያዝ። የሰው ቃል ተምሮ የራስን ባዶ መተው፣ ስንቅ ይዞ ቤት መርሳት ነው።