ስለ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ስለ ዛለ ትከሻ

ባለፈው ክረምት በሐምሌ አንዲት እናታችንን ልንቀብር ስንሄድ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎን፣ ሣጥኑን በትከሻችን ተሸክመን ዳገቱን እንደ ወጣን ታስታውሳላችሁ። የእድር ሰው ነንና አላማረርንም። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ስንሰበሰብ ግን ግማሹ ትከሻውን፣ ግማሹ ወገቡን ይዟል፤ አንገቱን ማዞር ያቃተውም ነበር። የወጥ ቤቱን ሥራ የያዙት እህቶቻችን ይህን አይተው በትልቁ ብረት ድስት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፈሉና በሳፋ አቀረቡልን። ፎጣ እየነከርን፣ እየጨመቅን፣ ትከሻችን ላይ ጣል አደረግን። እፎይ አልን።

ታዲያ አንድ ወጣት አባላችን፣ «ጋሼ፣ ይኸ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ የነበረ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀን። «ኧረ ልጄ፣ ዛፉና ንግሥተ ሳባ ከየት ተዋውቀው!» ብንለው ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑንም ለጊዜው ረሳነው። በዚያው ታሪኩን ለመጽሔታችን እንድንጽፍ ታዘዝን። እኛ ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስናወጣና ስንመልስ የጨረስን ሰዎች ነን እንጂ ምሁር አይደለንም። ቢሆንም መዝገብ የለመደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ወረቀት የገባበት ቀን አለው። ባሕር ዛፍም የገባበት ቀን አለው።

አያታችን የመንዝ ሴት ነበሩ። እርሳቸው እንደ ነገሩን በአገራቸው ወገብ ሲይዝ ወይም እግር ወለም ሲል ወጌሻው በቅቤ ያሻል፤ ወጌሻ ከሌለም ጨው በምጣድ ይሞቅና በጨርቅ ተቋጥሮ በሚያመው ቦታ ላይ ይደረጋል። ለሌላው ሕመም ጤና አዳም አለ፣ ዳማከሴ አለ፣ ፌጦ አለ። ባሕር ዛፍ የሚባል ግን በመንደራቸው አልነበረም። የመንዝ ደጋ ማገዶው ኩበት ነው። ባሕር ዛፍን መጀመሪያ ያዩት ተድረው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ነው። «ሽታው ራሴን አዞረኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ዕጣን የታጠንኩ መሰለኝ» ይሉ ነበር። እንግዲህ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው የምንለው ነገር ለአያታችን እንኳ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በአካባቢዋ ጥድም ወይራም ነበረ። ሰው በበዛ ቁጥር ያ ሁሉ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። በዚያን ዘመን ደግሞ እንጨት ሲያልቅ ከተማውን ትቶ መነሣት የታወቀ ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱ ግን ሳትነሣ ቀረች። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞችም ቤታቸውን ሠርተው ተቀምጠዋል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ግን ይኸው ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑን ጸሐፊዎች ይናገራሉ። አመጣው ተብሎ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። እንግዲህ ከአድዋ ድል በአንድ ዓመት ግድም ይቀድማል። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። የከተማው ሰው በየግቢው ተከለው፤ ትንሽ ቆይቶም አዲስ አበባ በዱር ውስጥ የተሠራች መሰለች። እንዲያውም ብዙ ውሃ ይጠጣል ተብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ከዛፉ ሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደ ነበር ተጽፏል። ማን ይንቀለው! ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። እኛ በሥራ ዘመናችን እንደዚህ ያለ ወረቀት ስንቱን አስቀምጠናል።

እድርም በዚሁ ከተማ የተስፋፋው በዚያው ዘመን አካባቢ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ እንደ ሆነ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ የሚቀብረው ወገን ፈለገ፤ የሚያነደውም እንጨት ፈለገ። ስለዚህ እድርና ባሕር ዛፍ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። የድንኳናችንን ምሰሶና ካስማ እዩት፤ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው። ትከሻችንን የሚያዝለው እንጨትና ትከሻችንን የሚያቀለው ቅጠል ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው።

የዛፉ ትውልድ አገር አውስትራሊያ ነው። በኛ ደጋ የበዛው ነጩ ባሕር ዛፍ ታስማንያ ከምትባለው ደሴትና ከአካባቢው የመጣው ዓይነት ነው፤ በቆላው የምናየው ቀዩ ባሕር ዛፍ ሌላ ዓይነት ነው። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አውሮፓውያን ሳይደርሱባቸው ከጥንት ጀምሮ ቅጠሉን ለቁስልና ለሕመም ይገለገሉበት ነበር። እንግዲህ «የአባቶቻችን መድኃኒት» ማለት የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ይዘው እዚያ በሰፈሩበት ዓመት፣ በ1788፣ ዴኒስ ኮንሲደን የተባለ ሐኪም ከአንዱ ዓይነት ባሕር ዛፍ ዘይት አውጥቶ ወደ እንግሊዝ አገር ላከ። ነገሩ ንግድ የሆነው ግን በ1850ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ጆሴፍ ቦሲስቶ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ፣ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር በተባለ የዕፅዋት ሊቅ አደፋፋሪነት፣ ሜልቦርን አጠገብ ቅጠሉን በእንፋሎት እያነጠረ ዘይቱን መሸጥ ጀመረ። አረቄ የሚወጣበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ይቀቀላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱም ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በላዩ ላይ ባሕር ዛፍ ተስሎበት በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የመታሻ ዘይት አመጣጡ ይህ ነው።

በኛ ቤት ግን ቅጠሉ መጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ አልገባም፤ ማገዶ ሆኖ ነው የገባው። ለእንጀራ ምጣድ እንደርሱ የሚነድ የለም። ከእንጦጦ ጋራ ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠርገው፣ አስረው፣ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱትን ሴቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እናታችን ከእነዚህ ሴቶች ቅጠል ይገዙ ነበር። አንዳንዷ ሸክሟን ስታወርድ ቀና ማለት ያቅታታል። ያን ጊዜ እናታችን ከዚያው ከሸክሙ ጥቂት ቅጠል መዝዘው ያፈሉና፣ «ነይ እስቲ እግርሽን ንከሪ» ይሏታል። ለጉንፋን መታጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ለእግርና ለወገብ መዋሉን ግን እኛ መጀመሪያ ያየነው በእነዚያ ሴቶች እግር ላይ ነው። ማንም በመጽሐፍ አላስተማራቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ብርማ መልክ ያለው ክቡ ቅጠል ወይም ትልቁ ማጭድ የሚመስለው ሁለት እፍኝ ያህል ይታጠባል፤ በብረት ድስት ተከድኖ ይፈላል፤ ከዚያ ወርዶ ክንድ እስኪችለው ይቀዘቅዛል። ፎጣ ተነክሮ፣ ተጨምቆ፣ በዛለው ሥጋ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ሥራ የሚሠራው የውሃው ሙቀት ነው። ሽታውን የሚሰጠው ሲኒኦል የሚባለው ነገር በተፈላው ውሃ ውስጥ ጥቂት ነው፤ በጠርሙሱ ዘይት ውስጥ ግን እንደ መድኃኒት ደንቡ ከመቶ 70 እጅ ማነስ የለበትም። ይህ ነገር ቆዳን መጀመሪያ ቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ሞቅ ያደርጋል፤ ደም ወደ ቆዳው ይመጣል፣ የሕመሙም ስሜት ይደበዝዛል። ከዚያ አያልፍም። አጥንት አይጠግንም፣ የወለቀ አይመልስም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በራሳችን ስለ ደረሰ ነው። በ1984 ዓ.ም. ድንኳን ስንተክል አንድ አባላችን ከመሰላል ወድቆ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወዲያው አበጠ፣ በለዘም። ያን ጊዜ ሮጠን ቅጠል ያስፈላነው እኛው ነን። የመጀመሪያውን ትኩስ ፎጣ በእጃችን አስቀመጥንለት፤ እየጮኸ አሸነው። ማታውኑ ወደ አንድ ወጌሻ ወሰድነው፤ እርሱም በሸምበቆ ጠፍሮ አሰረው። በማግስቱ ጣቶቹ ደነዘዙ። «ይለምደዋል» አልን። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ደሙ መተላለፊያ አጥቶ ሥጋው ሞቷል ተባለና ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የተሰበረው አጥንት እኮ በጊዜው በጀሶ ቢታሰር የሚድን ነበር፤ ሐኪሙ እንደዚያ ብሎ ነገረን። ወንድማችን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰንም። እኛ ግን የባሕር ዛፍ ሽታ በመጣ ቁጥር ያን ፎጣ እናስበዋለን።

ወጌሻን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም። የኳስ ቡድኖች እንኳ ዛሬም የቡድኑን ወጌሻ በዚያው ስም ይጠሩታል። ደኅናው ወጌሻ አጥንት ሲሰበር አውቆ «ይኸ የኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂዱ» የሚለው ነው፤ እንዲህ ያሉትንም እናውቃለን።

ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ወይም ሲመታ በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን ሙቀትም ማሸትም አይገባም፤ እብጠቱን ያብሰዋል። እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ነው የሚሻለው። መርገጥ ካልቻለ፣ አካሉ ከተጣመመ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ቅጠል ፍለጋ መሄድ ጊዜ ማጥፋት ነው። የጠርሙሱ ዘይት ደግሞ በምግብ ዘይት ሳይበረዝ አይቀባም፤ በተላጠ ቆዳ፣ በዓይን አጠገብና በሕፃን ፊት ፈጽሞ አይደረግም። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሕፃን ቢጠጣው ለከባድ አደጋ ይዳርገዋልና ጠርሙሱን ከስኳርና ከሻይ ጋር የምታስቀምጡ እባካችሁ አንሡት።

ወደዚያ ወደ ሐምሌው ድንኳን እንመለስና፣ ሳፋው ሲዞር ከተሸካሚዎቹ አንዱ ዳገቱ ላይ አንሸራቶት እግሩ አብጦ ነበርና እርሱም ፎጣ ዘረጋ። ያ በ1984 እግሩን ያጣው ወንድማችን ከአግዳሚው ላይ ሆኖ በምርኩዙ ሳፋውን ገፋ አደረገና፣ «ለርሱ አይሆንም፤ መጀመሪያ ጣቱን ያንቀሳቅስ፣ ከዚያ ቆሞ ይርገጥ» አለ። ልጁ ቢሞክር መርገጥ አቃተው። በታክሲ ላክነው። በራጅ ሲታይ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተገኘ፤ ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆይቶ በመስከረም በእግሩ እየሄደ መጥቶ የወር መዋጮውን ከፈለ።