ፏፏቴው ያገደውን ዓሣ ሰው አሻገረው

ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በጃንዋሪ 1954 ከባለቤቱ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ ኡጋንዳ ውስጥ የሚገኘውን የመርቺሰን ፏፏቴ ከአየር ላይ ይጎበኝ ነበር። አውሮፕላኑ ፏፏቴውን ሲዞር አንድ አሮጌ የቴሌግራፍ ሽቦ መታና ጫካ ውስጥ ወደቀ። ሌሊቱን እዚያው አደሩ። በማግስቱ በጀልባ ተወስደው ሌላ አውሮፕላን ቢሳፈሩ ደግሞ እሱም ሊነሳ ሲል ተከስክሶ ተቃጠለ። ጋዜጦች ሄሚንግዌይ ሞተ ብለው ጻፉ። ሰውዬው ግን ተጎድቶም ቢሆን ተርፎ፣ የራሱን የሞት ዜና ቁጭ ብሎ አነበበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዚያው ፏፏቴ ሥር ስለሚዋኘው ዓሣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው የዓባይ ውሃ በኪዮጋ ሐይቅ አልፎ መርቺሰን ላይ ሲደርስ ሰባት ሜትር ገደማ በሆነች የድንጋይ ክፍተት ተጨምቆ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያም ወደ አልበርት ሐይቅ ይፈስሳል። ከፏፏቴው በታች ናይል ፐርች አለ፤ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን የሚችል አዳኝ ዓሣ። ከፏፏቴው በላይ፣ በኪዮጋም ሆነ በቪክቶሪያ፣ ይህ ዓሣ አልነበረም። ገደሉን መውጣት አይችልማ!

ዛሬ ግን ቪክቶሪያ ሐይቅ በዚህ ዓሣ የታወቀ ነው። ገደሉን ያሻገሩት ሰዎች ናቸው። ለምን አሻገሩት ለሚለው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ በዘንግና በመንጠቆ ለመዝናናት።

*ዓሣ ለእራት፣ ዓሣ ለጨዋታ*

ለሐይቅ ዳር ሰው ዓሣ ማጥመድ እንጀራ ነው። የእንፋሎት መርከብና ባቡር ዓለምን ካቀራረቡ በኋላ ግን ገንዘብና ጊዜ ያላቸው ሰዎች ሌላ ትርጉም ሰጡት። ለእነሱ ጥሩ ዓሣ ማለት የሚጣፍጥ ወይም ብዙ ቤተሰብ የሚመግብ አይደለም። መንጠቆው ከያዘው በኋላ ለሰዓታት የሚታገል፣ ክር የሚበጥስ፣ ከውሃ በላይ የሚዘል ነው።

በሕንድ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ማህሲር የተባለውን ዓሣ ፍለጋ ወደ ሂማላያ ወንዞች ይወጡ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ዜን ግሬይ ከልብ ወለዶቹ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ እስከ ኒውዚላንድና ታሂቲ ድረስ ማርሊን አሳደደ። በ1939 የስፖርት አጥማጆች ዓለም አቀፍ ማኅበር ኒውዮርክ ላይ ሲመሠረት የክብረ ወሰን ሕግ ወጣ፤ ሄሚንግዌይም ለረጅም ዓመታት ከማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነበር። በ1953 አልፍሬድ ግላሰል የተባለ አሜሪካዊ ፔሩ ውስጥ ካቦ ብላንኮ በምትባል መንደር 1,560 ፓውንድ፣ ማለትም ከ700 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን በዘንግ አወጣ።

እነዚህ ሰዎች ዓሣው ወዳለበት ሄዱ፣ ያዙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነሱ ይልቅ በውሃ ላይ የከፋ ጠባሳ የተዉት ሌሎች ናቸው። ወደ ዓሣው ከመሄድ ይልቅ ዓሣውን ወዳሉበት ያስመጡት።

*እንቁላል በበረዶ*

በ1864 መጀመሪያ ኖርፎልክ የተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ተነስታ ወደ አውስትራሊያ ቀዘፈች። ከጭነቷ መካከል በእርጥብ ሽበት ተጠቅልሎ በበረዶ ውስጥ የተቀመጠ የሳልሞንና የትራውት እንቁላል ነበር። ሦስት ወር ገደማ ተጉዞ ታዝማኒያ ሲደርስ ከትራውቱ 300 ያህሉ ተፈለፈሉ። ከእነዚያ የተራቡት ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ወደ ኒውዚላንድ ተሻገሩ። እንግሊዛዊው ሰፋሪ የአገሩን ወንዝ ይዞ መሄድ ባይችልም ዓሣውን ይዞ ሄደ። በታዝማኒያና በኒውዚላንድ ወንዞች ይኖሩ የነበሩ ትንንሽ አገር በቀል ዓሦች ለትራውት ቀለብ ሆኑ።

ምሥራቅ አፍሪካም ተራው ደረሰው። ከኬፕታውን እስከ ካይሮ በመጓዙ ስም ያተረፈው ኢዋርት ግሮጋን በ1905 ከስኮትላንድ የትራውት እንቁላል አስመጥቶ በኬንያ አበርዴር ተራሮች፣ በጉራ ወንዝ ላይ አስገባ። ቅዳሜና እሑድ ሰፋሪዎቹ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ተራራ መውጣት ጀመሩ። ከኬንያ የመጣው ትራውት ኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ወደ ባሌ ተራሮች ወንዞችም ገብቷል።

ትራውት ግን ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ቆላማና ሞቃት ከተሞች የሚኖር ባለሥልጣን ትራውት አያገኝም። ሐይቁ ውስጥ ያሉት ዓሦች ደግሞ ለዘንግ የሚመቹ አልነበሩም። ግዙፉ ናይል ፐርች ግን እዚያው ጎረቤት፣ ከፏፏቴው ሥር ነበር።

*«የማይረባ ዓሣ»*

በዚያን ጊዜ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ምን ነበር? የአካባቢው ሰው ንጌጌ የሚለው ተወዳጅ የቆሮሶ ዘር ነበር፤ የፈትል መረብ ከገባ ወዲህ ግን እየሳሳ መጥቷል። ከእሱ ሌላ ፉሩ የሚባሉ ከእጅ መዳፍ የማይበልጡ ዓሦች በብዛት ነበሩ። ሳይንቲስቶች ኋላ እንደደረሱበት የፉሩ ዝርያ ወደ 500 ይጠጋል፤ አብዛኛው በሌላ ቦታ የሌለ ነው። አንዱ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዱ አልጌ ጋጭ፣ አንዱ የሌላውን ጫጩት ከአፉ ነጣቂ ነው።

ለዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ይህ ሁሉ አጥንት የበዛበት «የማይረባ ዓሣ» ነበር። ክርክራቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትልቁ ዓሣ ትንንሾቹን በልቶ ገበያ የሚወጣ ሥጋ ያደርጋቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለስፖርት አጥማጅ ግሩም ዓሣ ይሆናል የሚል ነው።

የሚያስቆጨው አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሰው መኖሩ ነው። ሚካኤል ግሬም የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1927 እና 1928 ሐይቁን አጥንቶ ባወጣው ሪፖርት፣ ያለ ሰፊ ምርምር ትልቅ አዳኝ ዓሣ ከሌላ ቦታ ማምጣት እጅግ አደገኛ ነው ሲል ጽፎ ነበር። ጂንጃ የሚገኘው የምርምር ድርጅት ሳይንቲስቶችም ተቃወሙ። ጄፍሪ ፍራየር በ1960 ሐሳቡን የሚሞግት ጽሑፍ አወጣ።

ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ተገኘ! በ1960 ጂንጃ አጠገብ ናይል ፐርች ተያዘ። በኡጋንዳ ዓሣ ሀብት ክፍል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተናገሩት፣ ዓሣው በ1950ዎቹ አጋማሽ በምስጢር ተለቅቆ ነበር፤ ሄሚንግዌይ ፏፏቴው ላይ በወደቀበት ሰሞን መሆኑ ነው። ባለሥልጣናቱም «ከገባ ወዲያ ምን ይደረጋል» በሚል ስሌት በ1962 እና 1963 ኢንቴቤና ኪሱሙ ላይ በይፋ ጨመሩበት። ዩጋንዳ በ1962፣ ኬንያ በ1963 ነጻ ወጡ። የቀድሞዎቹ አለቆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ቀረ።

*ሃያ ዓመት ዝም አለ*

ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ለውጥ አልታየም። ሳይንቲስቶቹ አጋነኑት ያለም አይጠፋም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ናይል ፐርች ሐይቁን አጥለቀለቀው። በ1970ዎቹ ከሐይቁ ዓሣ በክብደት አራት አምስተኛውን ይይዝ የነበረው ፉሩ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ኢምንትነት ወረደ። 200 ያህል ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። በእርግጥ ጥፋቱ የዓሣው ብቻ አይደለም፤ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ቆሻሻ ውሃውን አደፍርሶታል፣ አልጌ አብዝቶበታል። በኋላም ፐርቹ ራሱ በመረብ ሲሳሳ አንዳንድ የፉሩ ዝርያዎች አገግመዋል። የጠፉት ግን አይመለሱም።

የሰዉም ኑሮ ተለወጠ። ትንሿን ዓሣ ሴቶች ፀሐይ ላይ አስጥተው አድርቀው ይሸጧት ነበር። ፐርች ግን ትልቅና ቅባታም ስለሆነ በፀሐይ አይደርቅም፤ ጢስና እሳት ይፈልጋል። ለማገዶ ዛፍ ተቆረጠ። ቀጥሎ በኪሱሙ፣ በጂንጃ፣ በምዋንዛ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ሥጋው በረዶ ውስጥ ሆኖ ወደ አውሮፓ በረረ። ለአካባቢው ገበያ የተረፈው ጭንቅላትና አጥንቱ ነው። ኬንያ ውስጥ «ምጎንጎ ዋዚ» ይሉታል፤ የተራቆተ ጀርባ እንደማለት።

ሚዛኑ እንዲጠበቅ፣ ሌላውም ወገን መነገር አለበት። ፐርቹ ለሦስቱ አገሮች የውጭ ምንዛሪ አምጥቷል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በጀልባ፣ በመረብ፣ በበረዶና በጭነት እንጀራ በልቶበታል። ዛሬ ይውጣ ቢባል መጀመሪያ የሚጮኸው ዓሣ አጥማጁ ነው። ግን ያ እንጀራ በአንድ ዓሣና በሩቅ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በጤና ስጋት ምክንያት በተደጋጋሚ በሩን ሲዘጋ ፋብሪካው ቆመ፣ ጀልባውም ዳር ላይ ቀረ።

የሚገርመው፣ ለጨዋታ የታሰበው ነገር እዚህ ግባ የሚባል ሆኖ አያውቅም። ዛሬም ፐርች በዘንግ ለመያዝ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች ከሚመርጧቸው ቦታዎች ቀዳሚዎቹ ዓሣው ድሮም የነበረባቸው ናቸው፤ አንዱ መርቺሰን ራሱ ነው፣ ሌላው የግብፁ ናስር ሐይቅ። መቶ ኪሎ ያለፈው የዓለም ክብረ ወሰንም የተያዘው በ2000 ናስር ላይ ነው። ዓሣውን ካገሩ ማንሳት ባላስፈለገ ነበር።

*ጢስ ዓባይስ?*

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ የሚመስለው ካርታ ያየው ትርጉሙ ይገባዋል። ነጭ ዓሣ በአገራችን በባሮ፣ በኦሞ፣ በዓባያና በጫሞ አለ፤ እዚያ ባለርስት ነው። ጣና ውስጥ ግን የለም። ጢስ ዓባይ ከታች ያለውን ዓሣ ከጣና ለይቶታል፣ ልክ መርቺሰን ቪክቶሪያን እንደለየው። በዚያ ፏፏቴ ጥላ ሥር ጣና ውስጥ ከአሥር በላይ የባርበስ ዝርያዎች ተፈጥረዋል፤ ሌላ የትም የማይገኙ። እነሱም ዛሬ ሰላም አይደሉም። እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። የእምቦጭ አረም የሐይቁን ዳር ወርሶታል።

ነገ አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ቢሮ «ጣና ላይ ነጭ ዓሣ ብንጨምር ኤክስፖርት ያድጋል፣ ቱሪስት ዘንጉን ይዞ ይመጣል» የሚል ፕሮጀክት ይዞ ቢመጣ፣ ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያምራል። በ1950ዎቹም ያምር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዓሣው ስንት ኪሎ ይደርሳል የሚለው አይደለም። ሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ተጠይቋል ወይ? ያጠናው ሰው ተሰምቷል ወይ? ነገሩ ቢበላሽ መመለስ ይቻላል ወይ?

በቪክቶሪያ ለሦስቱም ጥያቄዎች መልሱ አይደለም ነበር። ከጫሞ እስከ ጣና ለመድረስ አንድ የጭነት መኪናና ጥቂት በርሜል ውሃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መልሶ የሚያወጣው ግን የለም።