ፀረ ተባይ ስንረጭ ልናውቃቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

"መድኃኒት" ብለን ስለምንጠራው ነው መሰል ብዙዎቻችን አንፈራውም። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ግን መርዝ ነው። ወደ ሰውነት የሚገባውም በአፍና በአፍንጫ ብቻ አይደለም፤ የሚረጨውን ሰው በብዛት የሚያገኘው በቆዳው በኩል ነው። እንደ መቂና ባቱ (ዝዋይ) ባሉ የመስኖ አትክልት አካባቢዎች ርጭቱ ተደጋጋሚ ስለሆነ ዋና ዋና ጥንቃቄዎቹን እንዲህ አቅርበናል።

🔸 ሲገዙ
በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥ ኬሚካል አይግዙ። ስሙ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ጊዜ አይታወቅም፤ ልጅም ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። በዕቃው ላይ የቀለም መስመር ካለ ይዩት፦ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫና ሰማያዊ በየደረጃው ይከተላሉ። አረንጓዴም ቢሆን "ጉዳት የለውም" ማለት አይደለም።

🔸 ሲበጠብጡ
ኬሚካሉ ገና ውሃ ያልገባበት ስለሆነ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ይሄ ነው። ጓንት ያድርጉ፤ በእንጨት እንጂ በእጅ አያማስሉ። ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ይራቁ።

🔸 ሲረጩ
• የሚያፈስ መርጫ አይሸከሙ፤ ጀርባዎን ያርሳል።
• እጅጌው ረጅም ልብስና ቦት ይልበሱ። ሱሪው ከቦቱ በላይ ይውረድ፤ ቦት ውስጥ ከገባ ፍሳሹ ወደ እግር ይወርዳል።
• ነፋሱ ወደ እርስዎ እየነፈሰ አይርጩ።
• የመርጫው ጫፍ ሲደፈን በአፍ አይንፉት።
• ሳይታጠቡ አይብሉ፣ ጫት አይቃሙ፣ አያጭሱ።

🔸 ከረጩ በኋላ
ገላዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልብሱም ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩ፤ ከዚያ ዕቃውን ይብሱት። ለውሃም ለዘይትም አይሆንም። በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ ምርቱን አይልቀሙ።

🔸 ሰው ከተመረዘ
ላብና ምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ ማጠር ካዩ ሰውየውን ከማሳው ያውጡ፤ ልብሱን አውልቀው በብዙ ውሃና ሳሙና ይጠቡት። በግድ አያስመልሱት። ወተትም ማርከሻ አይደለም፤ ወተት ሲፈለግ ሰዓት እንዳይባክን። የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ለአንዳንዶቹ ሐኪም ዘንድ ማርከሻ አለ፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

በመጨረሻም ሠራተኛ ቀጥራችሁ ለምታስረጩ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ጓንትና ቦት ችሮታ አይደለም።

ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።