ከውርርድ የተወለደ በጎ አድራጎት

በኢትዮጵያ ስሙ የገነነው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት የተጠነሰሰው በጀርመን ቴሌቪዥን ላይ በተደረገ ውርርድ ነው። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በቀረበ ዝግጅት ላይ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ረሃብተኞች አንድ ማርክ፣ አንድ ፍራንክ ወይም ሰባት ሺሊንግ እንደማይሰጥ ተወራረዱ። ሲሶው ስላልሰጠ ረቱ፤ ያም ሆኖ 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ተዋጣ። በም ገንዘቡን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ድርጅቱን መሠረቱ።

የመጀመሪያው ሥራ በሐረርጌ፣ በኤረር ሸለቆ፣ በመጠለያ ይኖሩ የነበሩ ከፊል አርብቶ አደሮችን መልሶ ማቋቋም ነበር። ቀጥሎም የውኃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና እርከን በየወረዳው ተሠራ። በም ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. አረፉ፤ በአዲስ አበባ ካርል አደባባይ በስማቸው ይጠራል።