የጉባ ልሳናት

በመተከል ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ወደ ሱዳን ከመሻገሩ በፊት በሚያልፍበት ቆላ የምትገኘውና ማንኩሽን ዋና ከተማዋ ያደረገችው ጉባ፣ ዛሬ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምክንያት ስሟ ከአጽናፍ እስከ አጽናፍ ቢጠራም፣ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን የልሳናት መገናኛ ሆና የኖረች ምድር ናት። እ.ኤ.አ. በ1504 የተመሠረተው የሰናር የፉንጅ መንግሥት በ1821 በግብፁ ገዥ በመሐመድ ዓሊ ሠራዊት እጅ ከወደቀ በኋላ እንኳ፣ የጉባ መሳፍንት ትውልዳቸውን ከፉንጅ እየቈጠሩ በእስልምናቸውና በሱዳን ዓረብኛቸው ጸንተው ኖረዋል፤ ከኢጣልያ ወረራ በፊት ያስተዳደሩት ሼኽ ሐምዳን አቡ ሾክም ከዚሁ ወገን ነበሩ። በ1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የወሰን ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ከለየ ወዲህ፣ ዓረብኛው የገበያ፣ አማርኛው የመንግሥት ልሳን ሲሆን፣ የአገሬው የጉሙዝ ሕዝብ ልሳን የሆነው ጉሙዝኛ በየቤቱና በየእርሻው ቀረ።

የጉሙዝ ሕዝብ በባሪያ ፈንጋዮች ሲታደን የኖረ በመሆኑ፣ አዳኞቹ ሰውነቱን እንደ ናቁ ልሳኑንም ናቁ፤ የልሳኑ ሰዋስው ግን ሊቃውንትን የሚያስደንቅ ነው። እንግሊዞች በተራ ጨዋታቸው «ሰጠ» የሚለውን ግስ «ወደ ላይ» ከሚል ንኡስ ቃል ጋራ አጋጥመው «ተወ፣ ተስፋ ቈረጠ» ያሰኙታል፤ እኛም «ልብ አለ» ወይም «አፍ ፈታ» ስንል፣ ምስጢሩ ቃላቱን ለየብቻ በመፍታት አይገኝም። ጉሙዝኛው ከዚህም ይጠልቃል፤ እንደ ራስና እንደ ዓይን ያለውን የአካል ስም ከግሱ ባሕርይ ጋራ አዋሕዶ አንድ ቃል ያደርገዋል፤ ውሎ አድሮም ያ ስም የቀድሞ ፍችውን እየለቀቀ፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ነገር ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ የሚያመለክት ሆኗል። ይህን አሜሪካዊቷ የልሳን ተመራማሪ ኮሊን አህላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው ሰፊ የሰዋስው ጥናት አብራርታዋለች።

የጉባው አነጋገር ከማንዱራውና ከድባጤው ጋራ በሰሜኑ ወገን ሲቈጠር፣ ከዓባይ ማዶ በካማሺ በኩል ያለው በደቡቡ ይመደባል። ጉባ የምትገኝበት ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ እንደ መሆኑ መጠን፣ የማንኩሽ ልጅ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ የሚሰማው ሌላ፣ በእናቱ ጓዳ የሚሰማው ሌላ ነው። እኔም የጉባ ሽማግሎችና አሮጊቶች እነዚህን የተዋሐዱ ግሶች፣ እያንዳንዱን ከሚነገርበት ሥራና ጨዋታ ጋራ፣ በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው የሚቀዳላቸው የአገራቸው ተወላጅ ጸሐፊ እንዲነሣላቸው ከልቤ እመኛለሁ።