«ቡሌ የሚበላ የለም»፦ ስለ ምግብ ቤቶቻችንና ስለ አስተያየታችን ታሪክ

ለመስክ ሥራ ወደ ወረዳ የሚወጣ ባለሙያ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አንደኛው የት እንደሚያድር፥ ሁለተኛው የት እንደሚበላ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በመዝገብ አይገኝም። ከባልደረባ ወደ ባልደረባ፥ ከሾፌር ወደ ሾፌር በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። «ከመናኸሪያው በላይ ያለችው ቤት ዱለቷ ደኅና ነው»፤ «ማዶ ያለው ግን ቅቤው አያስተማምንም» እየተባለ የአገራችን ትንንሽ ምግብ ቤቶች በሰው አፍ ተመዝግበው ይኖራሉ። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ምግብ ቤቶች ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከነዚህ የቃል ምስክርነቶች አንዱ ሲሆን፥ እርሱም «ቡሌ የሚበላ የለም» የሚለው ነው።

ቡሌ በጌዴኦ ዞን፥ ከዲላ ከተማ በስተምሥራቅ ወደ ደጋው ሲወጣ የምትገኝ ወረዳ ናት። ከዲላ ሲነሡ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ይታያል፤ ዳገቱ እየበረታ በሄደ መጠን ቡናው እየሳሳ፥ ብርዱ እየጠነከረ ይመጣና ቦታውን እንሰትና ገብስ ይይዙታል። ከየጎጆው ጓሮ እንሰት አይታጣም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር «የሚበላ የለም» መባሉ ከምን የመጣ ነው? ቃሉን የነገረኝ ባልደረባዬ ሐሰተኛ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ ቃሉን ሳልመረምር ለሌሎች አቀብያለሁ። ስሕተቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የታሪክ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

በቀድሞው ዘመን መንገደኛ በመሸበት ቤት ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፥ ቤት ያፈራውን ያቀርብለታል። ወጡ ቢቀጥን፥ እንጀራው ቢሻክር እንግዳው ዝም ብሎ ይበላል፤ መርቆም ይነሣል። የቀረበለት ነገር የሚሸጥ ዕቃ ሳይሆን የባለቤቱ ክብር ነበርና ማዕድን መንቀፍ ነውር ነው። መጠጥ ግን በጠላ ቤትና በጠጅ ቤት በገንዘብ ሲሸጥ ስለ ኖረ፥ «የእገሊት ጠላ ቀጥኗል» ማለት ያን ያህል አያሳፍርም ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ አስተያየት የሚከተለው ዋጋን መሆኑን ነው።

ለመብል ዋጋ ማውጣት በአገራችን ከተሞች እየተለመደ የመጣው ዘግይቶ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ያስከፈቱት፥ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሆቴል የዚህ ለውጥ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። ስለ አጀማመሩ የሚተረከውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መኳንንቱ ለበሉት ማዕድ ገንዘብ መክፈልን አፍረው ስለ ራቁ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተውና ከፍለው አርአያ ሆኑ ይባላል። ያ የመኳንንቱ እፍረት ከንቱ አልነበረም። ሰው ለበላው ሲከፍል ከእንግድነት ወደ ደንበኝነት ይሸጋገራል፤ ደንበኛ ደግሞ «ጨው በዝቶበታል» ለማለት ማንንም አያስፈቅድም።

በዚያው ዘመን ግድም፥ እ.ኤ.አ. በ1900፥ በፈረንሳይ አገር የመኪና ጎማ የሚሠራው የሚሽሊን ኩባንያ ለባለ መኪኖች የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1926ም ለመልካም ምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። የምግብ ቤት ትችትና የመኪና መንገድ አብረው ያደጉ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በእኛም አገር እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ በመጽሐፍ ሲታተም የእኛ በሾፌሮችና በመንገደኞች ቃል መቅረቱ ብቻ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣልያን ወረራ ያስከተለው ለውጥ እስከ ዛሬ በቋንቋችን ይነበባል። ፓስታ፥ ስጎና ማኪያቶ በየመንገዱ ዳር ባሉ ቤቶች ተለመዱ። በጣልያንኛ የማደሪያና የመመገቢያ ቤት ማለት የነበረው ልኳንዳ በእኛ ዘንድ የሥጋ መሸጫ ስም ሆነ። ሆቴል የሚለው ቃል ደግሞ ወርዶ ወርዶ አልጋ ለሌላት፥ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ላላት ባለ አንድ ክፍል ቤት ተሰጠ። «ጉርሻ» ግን የአሮጌውንም የአዲሱንም ሥርዓት ትርጉም ይዞ ቀረ፤ በቤት ውስጥ በፍቅር የሚያጎርሱት ጉርሻ ነው፥ በምግብ ቤት ለአስተናጋጅ የሚተዉለት ገንዘብም ጉርሻ ነው።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። አገሩ በ1880ዎቹ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ከሰሜን የመጡ ወታደሮችና ሹማምንት ሰፈሩበት፤ የአገሩም ገበሬ ገባር ሆኖ ተደለደለ። የገባር ግዳጅ ግብር በመክፈል ብቻ አያበቃም ነበር፤ ለባለ ጌታው እህል ማስፈጨትን፥ እንጨት ማቅረብን ይጨምራል። ስለዚህ የማን ምግብ በማን ጉልበት እንደሚሰናዳ በዚያ ዘመን የአገዛዝ ጉዳይ ነበር። የመሬቱና የቡናው ምርት ጥያቄ እየከረረ ሄዶ፥ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለ ርስቶች ላይ ያነሡት ዐመፅ ሚችሌ ላይ በኃይል ተደመሰሰ። ጭሰኝነት በሕግ የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ዲላን የቡና ንግድ ከተማ ሲያደርጋት፥ በገንዘብ የሚመገቡ ሰዎችም በረከቱ። እነርሱም ነጋዴው፥ ሾፌሩ፥ ፖሊሱ፥ አስተማሪው፥ የመንግሥት ሠራተኛው ናቸው። ምግብ ቤት የሚከፈተው ከፋይ ባለበት ነው፤ የሚበስልበትም ከፋዩ የለመደው ነው። ከፋዩ ደግሞ እንጀራ በሊ ነበር። የአገሩ ገበሬ በአብዛኛው የሚበላው በቤቱ ስለ ሆነ የምግብ ቤቱን ወጥ የሚወስን ድምፅ አልነበረውም። እንዲህም ሆኖ በእንሰት አገር የምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ለጥብስ፥ ለፍርፍርና ለሽሮ ተሰጠ።

በቡሌ ደጋ ይኸ ሌላ ችግር አስከተለ። ጤፍ የዚያ ብርድ ሰብል ባለመሆኑ ከሌላ ቦታ ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጥቂት ደንበኛ ያላት ባለ ምግብ ቤት በየቀኑ ብትጋግር ትከስራለች፤ አስቀምጣ ብታቀርብ «እንጀራዋ ደርቋል» ትባላለች። እኛም ያን ደረቅ እንጀራ በልተን ስንመለስ፥ አገሩ የሌለውን ካልሰጠን ብለን ያጣነውን የአገሩ ጉድለት አድርገን እናወራለን።

እንሰት ግን ችግር ያመጣው የድኻ ምግብ አይደለም። ተተክሎ ለመድረስ አያሌ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሴቶች ግንዱን ፍቀው፥ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ለሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት ያብላሉታል፤ የተብላላው ተጨምቆና ተነፍቶ በቅጠል ተጠቅልሎ ሲጋገር ቆጮ ይሆናል። ሲፋቅ ከሚወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው፤ ከሥሩ ተቀቅሎ የሚበላው አሚቾ ይባላል። «ሽታ አለው» የሚለው የተለመደ ነቀፌታ የሚመጣው ከመብላላቱ ነው፤ ነገር ግን የእንጀራ እርሾም፥ የጠላ ጥንስስም የሚሠሩት በዚሁ በመብላላት መሆኑን ነቃፊው ይዘነጋዋል።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለሥራ ቡሌ በወጣሁ ጊዜ የገባሁባት ምግብ ቤት ጠባብ ነበረች። ያዘዝሁት ፍርፍር እስኪደርስ፥ በመጋረጃው ቀዳዳ የባለቤቷ ልጆች ከጓዳ ሲበሉ አየሁ። ከቅጠሉ ገና የወጣ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር።

«እትዬ፥ ለእኔም ከዚያው ቢያቀርቡልኝ» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ይኸማ የቤት ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም» አሉኝ።

እንዳፈሩ ገባኝ፤ አጥብቄ ብለምናቸው ግን አቀረቡልኝ። ከዚያ ቀደም በመስክ ጉዞ ከበላሁት ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። ሒሳብ ስጠይቅ የፍርፍሩን ብቻ ነገሩኝ። «የቆጮውስ?» ብላቸው፥ «የሆቴሉን ነው እንጂ የቤቱን እንዴት አድርጌ አስከፍልዎ!» አሉ።

ይኸን መልስ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ኖርሁ። በመጀመሪያው ንግግራቸው ውስጥ ከውጭ የተጫነባቸው እፍረት አለ፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ቆጮ አይቀርብም የሚለውን ያስተማርናቸው እኛና ከእኛ በፊት የመጡት ነን። በሁለተኛው ንግግራቸው ግን የጥንቱ እንግዳ ተቀባይነት አለ፤ የመኳንንቱን እፍረት የሚመስል፥ የቤትን ማዕድ ለገበያ አላወጣም የሚል ክብር። ቆጮው ከጠረጴዛው የቀረው በንቀት ብቻ ሳይሆን በክብርም ጭምር ነበር። «የሚበላ የለም» ያልን ሰዎች የመዘንነው የሚሸጠውን ብቻ ነው፤ የማይሸጠውን አላየነውም።

እፍረቱ የምግቡ ጠባይ አለመሆኑን አዲስ አበባ ትመሰክራለች። የጉራጌ ተወላጆች በትጋታቸው ያስፋፏቸው ክትፎ ቤቶች ቆጮን ለከተሜው አስተዋውቀውታል፤ ዛሬ ከክትፎ ጋር ሲቀርብ ዋጋው ውድ ነው፥ የሚያፍርበትም የለም። የቡላ ገንፎም እንዲሁ ተወዷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ እንሰት፥ ቡናና ነባር ዛፎች አብረው የሚበቅሉበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዓለም የመሰከረለትን ጓሮ ምግቡን ሳይቀምሱ ማድነቅ ግን ጎደሎ አድናቆት ነው።

የማኅበራችን አባላት በሥራችን ጠባይ ብዙ መንገድ እንሄዳለን፤ ውሎ አበላችን ለአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ቀላል ገቢ አይደለም። እነዚህን ቤቶች ብዙውን ጊዜ ያቆመው የሴቶች ጉልበት ስለ ሆነ፥ ቢሮ ተመልሰን በጨዋታ የምንጥለው አንድ ቃል የልጆች ማሳደጊያ ሊያሳጣ ይችላል። አስተያየት አንስጥ ማለቴ አይደለም፤ የከፈለ ሰው የመናገር መብት አለው፥ ንጽሕና የጎደለውን ቤት ደብቆ ባልደረባን ማሳመምም ደግነት አይባልም። የምለው፥ የምንናገረው የበላነውን ይሁን፤ የአንዲት ቤት የአንድ ቀን ወጥ የአገር ስም አይሁን። ከማዘዛችንም በፊት «ዛሬ ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥለን «እናንተስ ምን ትበላላችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ የቀረበልንንም ዋጋ አውጥተው እንዲያስከፍሉን በአክብሮት እንለምን።

እኔም በበኩሌ ያን አሮጌ ምስክርነት በዚህ ጽሑፍ እሽረዋለሁ። ወደ ቡሌ የሚሄድ ባልደረባ ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ ካፖርትህን ያዝ፤ ስትደርስ ቆጮ በጎመን መኖሩን ጠይቅ፤ «ለእርስዎ አይሆንም» ቢሉህ፥ ይሆናል በል።